ሰልፍ ባለበት ሰሞን ናይሮቢ ላይ ሆቴል አመራረጥ

ሰኔ 18 ቀን 2016፣ ማክሰኞ። ናይሮቢ መሀል ከተማ፣ ቶም ምቦያ መንገድ አጠገብ፣ ሆቴል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። እናቴን ለዓይን ሕክምና ይዣት መጥቼ ነው። ቀጠሮዋ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሐኪም ቤቱ ፓርክላንድስ ሰፈር ነው፤ ከሆቴላችን አራት ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ረፋዱ ላይ ዘበኛው የብረት መዝጊያውን አወረደው። እኩለ ቀን ገደማ አስለቃሽ ጭስ በመስኮቱ ስንጥቅ መግባት ጀመረ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ውኃ ነክራ አፍንጫዋ ላይ ያዘች። እኔ ኡበር እጠራለሁ፣ ቦልት እጠራለሁ። የሚመጣ የለም። ከሰዓት በኋላ ሰልፈኞቹ ፓርላማ ገቡ፣ የሕንፃው ከፊል ተቃጠለ፣ ፖሊስ ጥይት ተኮሰ። የሰው ሕይወት ጠፋ። የእኛ ነገር ከዚያ አንፃር ኢምንት ነው፤ ግን ቀጠሮው አለፈ። ሌላ ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። የዘጠኝ ቀን የሆቴል ሒሳብ ጨመርን ማለት ነው።

ያን ሆቴል ማንም አልመረጠልኝም፣ ራሴ ነኝ። ርካሽ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ከሥሩ ደህና ቡና አለ። በደህና ቀን እንከን አይወጣለትም። ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ አልጋው ሳጣራ ስለ መንገዱ አላሰብኩም። ሰልፍ ባለበት ከተማ መጀመሪያ መንገድ ይመረጣል፤ አልጋው ኋላ ይደርሳል።

ከዚያ ወዲህ ናይሮቢ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። እኛ ሐበሾች እዚያ የምንሄድበት ምክንያት አያልቅም። ኤምባሲ ቀጠሮ አለ፣ ሕክምና አለ፣ የኢስሊ ንግድ አለ፣ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ አለ። ሰልፍ በተጠራ ቁጥር ደግሞ ጉዞ አይሰረዝም። አሁን እንዴት እንደምመርጥ በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

1. ከሆቴሉ በፊት ቀኑን ፈልጉ

የናይሮቢ ሰልፍ አብዛኛውን ጊዜ ዱብ ዕዳ አይደለም። ቀን ተቆርጦለት፣ ፖስተር ተሠርቶለት፣ በኤክስና በቲክቶክ ይዞራል። ግብር የሚጨምረውን የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ የተቃወሙት ወጣቶች በ2016 ማክሰኞና ሐሙስን ነበር የያዙት፦ ሰኔ 11፣ ሰኔ 13፣ ሰኔ 18። ከእነሱ አንድ ዓመት በፊት የተቃዋሚው ጎራ ሰኞና ሐሙስ ይጠራ ነበር። ስለዚህ ስትደርሱ "ማአንዳማኖ" መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሰልፍ ማለት ነው በስዋሂሊ። ይህን አንድ ቃል ካወቃችሁ የታክሲ ሹፌሩም፣ የሆቴሉ አስተናጋጅም፣ ፍራፍሬ ሻጯም መረጃ ይሆኑላችኋል።

ሁለት ቀኖችን ግን በቃላችሁ ያዙ። አንዱ ያው ሰኔ 18 ነው። በ2017 አንደኛ ዓመቱ ሲታሰብ ፓርላማው በሾህ ሽቦ ታጥሮ ዋለ፤ እንደገና ሰዎች ተገደሉ፣ መሀል ከተማ ሱቆች ተዘረፉ። ሁለተኛው ሰኔ 30 ነው። ኬንያውያን "ሳባ ሳባ" ይሉታል፤ ሰባት ሰባት ማለት ነው፣ የፈረንጆቹ ሰባተኛ ወር ሰባተኛ ቀን። እ.ኤ.አ. በ1990 መድብለ ፓርቲ ይፈቀድ ተብሎ ካሙኩንጂ ሜዳ ላይ የተጠራው ሰልፍ መታሰቢያ ነው። እኛ ለማስታወስ አንቸገርም፣ የበጀት መዝጊያችን ነው። በ2017 ሰኞ ላይ ዋለ። ሰኔና ሰኞ! ፖሊስ ገና በጠዋቱ ወደ መሀል ከተማ የሚያስገቡትን ዋና ዋና መንገዶች ዘጋ። ሌሊቱን ከክፍለ ሀገር ሲጓዙ ያደሩ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ከከተማው ዳር ቀሩ።

ምርጫም አለ። የኬንያ ጠቅላላ ምርጫ በየአምስት ዓመቱ በፈረንጆቹ ኦገስት ሁለተኛ ማክሰኞ ነው። ቀጣዩ ነሐሴ 4 ቀን 2019 ላይ ይውላል። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ራሱ ብዙም አያስፈራም። የሚያስፈራው ውጤት የሚጠበቅበትና የሚነገርበት ሰሞን ነው።

ቀኑን ካወቃችሁ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ "የት ልደር?" አይደለም፤ "ቀጠሮዬን ማዛወር እችላለሁ?" ነው። የሐኪም ቀጠሮ አስቀድሞ ከደወሉ ይዛወራል። የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ግን በቀላሉ አይነቃነቅም። ለእሱ ሆቴሉን ነው የምታዛውሩት።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። "ሳ ንኔ" ካሏችሁ 4 ሰዓት ነው፣ የኛው 4 ሰዓት። ያው ሰውዬ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ግን "ቴን" ይላል። እኔ በዚህ ደስ ብሎኝ ሁሉንም ሰዓት እንደኛ ስቆጥር አንድ ቀን አፍሬያለሁ። የትኛውን እንደሚቆጥሩ አረጋግጡ።

2. ካርታ አውጡ፣ ሦስት ነጥብ አድርጉ

ጉግል ማፕ ይበቃል። አንደኛው ነጥብ ጉዳያችሁ ያለበት ቦታ ነው፤ ኤምባሲ፣ ሆስፒታል፣ ገበያ። ሁለተኛው ጆሞ ኬንያታ ኤርፖርት ነው፣ በከተማው ደቡብ ምሥራቅ። ሦስተኛው የምትመርጡት ሆቴል ነው።

አሁን መሀሉ ላይ አንድ ሳጥን ሳሉ። በምዕራብ ኡሁሩ ሃይዌይ፣ በደቡብ ኃይለ ሥላሴ ጎዳና፣ በሰሜን ዩኒቨርሲቲ ዌይ፣ በምሥራቅ ሪቨር ሮድ። አዎ፣ የኛው ንጉሥ ናቸው፤ ሰልፉ በሚበረታበት ዕለት ስማቸው ከአስለቃሽ ጭስ ጋር በዜና ይነሳል። ፓርላማው፣ ሲቲ ሆል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሞይ አቬኑ፣ ኬንያታ አቬኑ፣ ሰልፈኛው የሚሰባሰብበት ጂቫንጂ ጋርደንስ፣ ሁሉም እዚህ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ነዋሪው "ታውን" የሚለው ይህን ነው። ከሳጥኑ ምዕራብ ኡሁሩ ፓርክ አለ። ከዚያ አልፎ የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ስቴት ሐውስ አለ። ሰልፈኛው "ወደ ስቴት ሐውስ" ባለ ቀን ሳጥኑ ወደዚያ ይሰፋል።

ሕጉ አጭር ነው። ከሆቴሉ ወደ ጉዳያችሁ የሚወስደው መስመርና ከሆቴሉ ወደ ኤርፖርት የሚወስደው መስመር ሳጥኑን መቁረጥ የለባቸውም። ከቆረጡ፣ ቁርሱ ቢጥምም፣ ዋጋው ቢቀንስም፣ ተዉት።

3. ሰፈር በሰፈር

ጊጊሪ። የአሜሪካ ኤምባሲ፣ የካናዳ ከፍተኛ ኮሚሽን፣ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ እዚህ ናቸው። ከመሀል ከተማ ይርቃል፣ ጸጥ ያለ ነው። ችግሩ ዋጋ ነው። ቃለ መጠይቃችሁ ሰልፍ በተጠራበት ቀን ከዋለ ግን ለአንድ ሌሊት ጨክናችሁ ክፈሉ። ወይም በዚያው በሊሙሩ መንገድ ወጣ ብላችሁ ሩዋካ ላይ አፓርትመንት ተከራዩ። ርካሽ ነው፣ ቅርብ ነው። "ታውን አድሬ በጠዋት ታክሲ እይዛለሁ" የሚለው ሐሳብ በደህና ቀን ይሠራል። መንገድ በተዘጋ ቀን ዓመት የጠበቃችሁት ቀጠሮ ያልፋል።

ዌስትላንድስና ፓርክላንድስ። ለሐኪም ለሚመጣ ሰው የኔ ምርጫ ይሄ ነው። አጋ ካንና ኤም ፒ ሻህ ሆስፒታሎች ፓርክላንድስ ናቸው። ሆቴሉን ከሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ ላይ ያዙ፤ ታክሲ ጠፋ አልጠፋ አያሳስባችሁም። ወደ ኤርፖርት የሚወስደው የክፍያ ፈጣን መንገድ፣ የኤክስፕረስዌዩ፣ ጫፍም ዌስትላንድስ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ዋያኪ ዌይን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ካንጌሚ አለ፤ እዚያ መንገድ ይዘጋል። ሆቴላችሁ ከዌስትላንድስ ወደ መሀል ወይም ወደ ፓርክላንድስ ጠጋ ያለ ይሁን።

ኪሊማኒና ኸርሊንግሃም። እንጀራ የሚናፍቀው ሰው መኖሪያ ነው፣ የሐበሻ ምግብ ቤት በየመንገዱ አለ። ናይሮቢ ሆስፒታልም ቅርብ ነው። በአብዛኛው ይሻላል፤ ግን ሁለት ጠርዝ አለው። በደቡብ በኩል ንጎንግ መንገድና ከኪቤራ ጋር የሚዋሰነው ወገን ይታወካል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ወደ ስቴት ሐውስ ይጠጋል። መሀሉን፣ ያያ ሴንተርን ዙሪያ፣ ምረጡ።

ሚሊማኒና የስቴት ሐውስ አካባቢ። ሰፈሩ የተከበረ ነው፣ ዛፉ ያምራል። ሰልፍ ባለበት ቀን ግን ፖሊስ መንገዱን ይዘጋና ከሆቴል መውጣትም መግባትም ፈተና ይሆናል። የኛ ኤምባሲም ስቴት ሐውስ መንገድ አካባቢ ነው። ፓስፖርት የማደስ ወይም የውክልና ጉዳይ ካላችሁ ከሰልፉ በፊት ወይም በኋላ አድርጉት። "ኤምባሲው አጠገብ ብሆን ይሻለኛል" የሚለው ስሜት ይገባኛል፤ እኔም ተሰምቶኝ ያውቃል። ካርታው ግን ሌላ ይላል።

ኢስሊ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙዎቻችሁ የምታርፉት እዚያ ስለሆነ። አማርኛ ይሰማል፣ ኦሮምኛ ይሰማል፣ አልጋው ርካሽ ነው፣ የሞያሌ አውቶቡስ የሚያወርደውም እዚያ ነው። ጉዳያችሁ በሙሉ ኢስሊ ውስጥ ከሆነ እዚያው እደሩ፤ ሰፈሩ ሱቁን ዘግቶ ይጠብቃል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል። ጉዳያችሁ ከኢስሊ ውጭ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአንድ ወገን ፓንጋኒ፣ በሌላው ጁጃ መንገድና ማታሬ፣ በታች ካሙኩንጂ አለ። ሁሉም ሰልፍ የሚያውቃቸው ስሞች ናቸው። ወደ ዌስትላንድስ ወይም ወደ ጊጊሪ ለመሄድ ከእነዚህ በአንዱ ማለፍ ግድ ነው። ከሞያሌ በአውቶቡስ የምትመጡ ደግሞ በቲካ መንገድ ነው የምትገቡት። ጊቱራይና ሮይሳምቡ በዚያው መንገድ ላይ ናቸው፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ብጥብጥ ከነበረባቸው ቦታዎች ውስጥ ናቸው። ከሰልፉ ዋዜማ በፊት ግቡ፣ አለዚያ አንድ ቀን ሞያሌ ወይም ኢሲዮሎ እደሩ።

ኤርፖርት አካባቢና ሞምባሳ መንገድ። ለመጨረሻዋ ሌሊት ብቻ። ለምን እንደሆነ ቀጥዬ እነግራችኋለሁ።

አፐር ሂል ኬንያታ ሆስፒታልና የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽን ያሉበት ነው፤ ከኡሁሩ ፓርክ አፍንጫ ሥር ስለሆነ ጉዳያችሁ እዚያው ካልሆነ አትምረጡት።

4. ወደ ኤርፖርት ሁለት መንገድ ይኑራችሁ

አንድ መንገድ ያለው ሆቴል ምንም መንገድ እንደሌለው ቁጠሩት።

ዋናው ኤክስፕረስዌይ ነው። 27 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከምሎሎንጎ ተነስቶ በኤርፖርቱ በር አልፎ ዌስትላንድስ ይደርሳል። በመሀል ከተማ በኩል ሲያልፍ ከኡሁሩ ሃይዌይ በላይ በድልድይ ነው የሚሄደው። ታች ጭስ እያለ ላይ መኪና ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መግቢያው አጠገብ ያለ ሆቴል ትልቅ ጥቅም አለው። የዌስትላንድሱ መግቢያ ከሳጥኑ ውጭ ስለሆነ ይመረጣል። ሙዚየም ሂል ይከተላል። የኃይለ ሥላሴው በር ግን ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ነው፣ አትመኩበት። ክፍያ አለው፣ ሹፌሩ ከሒሳቡ ላይ ይጨምርባችኋል፣ ክፈሉ። ይህ መንገድም የማይዘጋ እንዳይመስላችሁ፤ ሐምሌ 5 ቀን 2015 በነበረው ሰልፍ የምሎሎንጎ ጫፉ ላይ ጉዳት ደርሶበታል።

ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ ያዙ። ከጊጊሪ ከሆነ በሰሜን ባይፓስ ዞራችሁ በምሥራቅ ባይፓስ ኤርፖርት ትደርሳላችሁ። ይረዝማል፣ ግን መሀል ከተማን አይነካም። ከኪሊማኒ ከሆነ በምባጋቲ ወደ ላንጋታ መንገድ፣ ከዚያ በደቡብ ባይፓስ ሞምባሳ መንገድ ላይ ትወጣላችሁ። ከኢስሊ ከሆነ በአውተር ሪንግ መንገድ ነው። የሰፈራችሁን መንገድ ስሙን በወረቀት ጻፉና ለሹፌሩ ጥሩለት። ሹፌሩ ፊቱን ካጨማደደ፣ ምክንያት አለው።

በረራችሁ ሰልፍ በተጠራበት ቀን ከሆነ ደግሞ ዋዜማውን ኤርፖርት አካባቢ እደሩ። እዚያው ግቢው አጠገብ ክራውን ፕላዛና ፎር ፖይንትስ አሉ፤ ውድ ናቸው። ሞምባሳ መንገድ ላይና ሲዮኪማው ላይ በጣም የሚረክሱ አሉ። ኤርፖርቱ መግቢያ ላይ ተሳፋሪ ከመኪና ወርዶ ይፈተሻል፤ ያንን ሰልፍ አስቡት፣ ይህኛው የሻንጣ ሰልፍ ነው። ፖሊስ በበዛ ቀን ይረዝማል።

ኤርፖርቱ ራሱ ዒላማ የሆነበትም ጊዜ አለ። ሐምሌ 16 ቀን 2016 ሰልፈኞች ወደዚያው እንሂድ ብለው ጠርተው ፖሊስ መንገዱን ሞልቶት ዋለ። በ2017 እንቁጣጣሽ ዕለት ደግሞ፣ መስከረም 1 ቀን፣ የኤርፖርቱ ሠራተኞች ለሕንዱ አዳኒ ኩባንያ ሊሰጥ ነው የተባለውን ውል ተቃውመው ሥራ አቆሙ። ለበዓል አገር ቤት ለመግባት ያሰበ ሰው እዚያ ወለል ላይ ዋለ። ለእንዲህ ያለው ቀን ሆቴል ምንም አያደርግም። ኤርፖርት አጠገብ ያደረ ሰው ግን ቢያንስ ተመልሶ የሚተኛበት ቅርብ ነው።

5. ደውሉ፣ አትጻፉ

ሦስት ሆቴል ከለያችሁ በኋላ ስልክ አንሱ። ኢሜይል የሚመልሰው ሰው ሌላ ነው፣ ሰልፉን ያየው የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ይሁን፦ "ጁን ትዌንቲ ፋይቭ ዕለት እንግዶቻችሁን ምን አደረጋችኋቸው?" የኛ ሰኔ 18 ነው፤ ናይሮቢ ውስጥ ይህን ቀን የማያውቅ ሰው የለም። ጥሩ ሆቴል ዝርዝር ይነግራችኋል። "ሠራተኞቹን ዋዜማውን አሳደርናቸው፣ ወጥ ቤት አልተዘጋም፣ የፊቱን በር ዘግተን በኋላ በር ነበር የምናስወጣው" ካሏችሁ ጥሩ ነው። "ምንም ችግር የለም፣ እዚህ ሰላም ነው" ብቻ ካሏችሁ ተጠራጠሩ። ችግር ባልነበረበት ቀን ችግር የለም ማለት ማንም ይችላል።

ቀጥላችሁ ጠይቁ። ኋላ በር አለ? ወደ የትኛው መንገድ ያወጣል? ጄኔሬተር አለ፣ ለስንት ሰዓት? የውኃ ታንከር አለ? የራሳቸው መኪና ወይም የሚያውቁት ሹፌር አላቸው፣ ከንጋቱ 10 ሰዓት ሊመጣ ይችላል? መውጣት ካልቻልኩ ክፍሉን በዚያው ዋጋ ታራዝሙልኛላችሁ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ችላ አትበሉ። ሰው መውጫ ባጣ ቀን ዋጋ የሚያንሩ አሉ። እኛ ላይ በሦስተኛው ቀን ዋጋው ጨመረ፤ የምንሄድበት እንደሌለ አውቀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከስልክ ይልቅ በፎቶ ታዩታላችሁ፦ ከሆቴሉ ሥር ምን አለ? በናይሮቢ መካከለኛ ሆቴሎች ብዙዎቹ የንግድ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ናቸው። ምድር ቤቱ ስልክና ቴሌቪዥን መሸጫ ወይም ሱፐርማርኬት ከሆነ ተጠንቀቁ። ዘራፊ እንግዳ ፍለጋ አይመጣም፣ ስልክ ፍለጋ ነው የሚመጣው። ሱቁ ሲሰበር ወይም ሲቃጠል ግን እናንተ ላይ ነው ጭሱ። የጎዳናውን ፎቶ ካርታው ላይ ከፍታችሁ ግራና ቀኙን ተመልከቱ። ባንክ፣ የፖሊስ ጣቢያ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ጎረቤት ከሆነም ሌላ ፈልጉ።

6. ክፍሉ

ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ፎቅ፣ ወደ ጓሮ የሚያይ። አስለቃሽ ጭስ ከአየር ይከብዳል፣ ታች ይተኛል። ድንጋይም በአብዛኛው የሚያገኘው ታችኞቹን ፎቆች ነው። ከዚያ በጣም ከፍ ካላችሁ ደግሞ ሊፍት በቆመ ቀን እናታችሁን እንዴት ታወርዷታላችሁ? "ጥሩ እይታ ያለው ክፍል እንስጣችሁ" ሲሉ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። እይታው መንገዱ ነው።

ስትገቡ ደረጃውን በእግር አንድ ጊዜ ውረዱና የአደጋ መውጫው በር በሰንሰለት አለመታሰሩን እዩ። ታስሮ ያገኘሁበት ሆቴል አለ። ጭስ ከገባ መስኮቱን ዘግታችሁ፣ ከውጭ አየር የሚስበውን ማቀዝቀዣ አጥፍታችሁ፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ድፈኑት። ዓይን የሚታጠበው በብዙ ንጹሕ ውኃ ነው፤ አትሹት። አስም ያለበት ሰው አብሯችሁ ካለ የሚነፋውን መድኃኒት ከሻንጣ አውጡና ኪስ ውስጥ አድርጉ።

7. ገንዘብ

ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ቦታ ማስያዣ ውሰዱ፣ ትንሽ ቢወደድም። ሁለት ሌሊት ብቻ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ሌላውን ደርሳችሁ ታራዝማላችሁ። ዋዜማውን የሁለት ቀን ጥሬ ሺሊንግ ያዙ። ሱቅ ሲዘጋ ኤቲኤሙም አይገኝም። የሳፋሪኮም ሲም በፓስፖርታችሁ አውጡና ኤምፔሳ አስከፍቱ፤ ናይሮቢ ላይ ሽንኩርት ሻጩም የሚከፈለው በሱ ነው።

8. ዋዜማውና ዕለቱ

ዋዜማውን ከጨለመ በኋላ አትንቀሳቀሱ፣ ከምሽቱ በፊት ሆቴል ግቡ። ውኃ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ግዙ። ጾም ከሆነ ይልቁንም አስቡበት፤ የሆቴሉ ወጥ ቤት በዚያ ቀን ያለውን ነው የሚያቀርበው፣ ያለው ደግሞ እንቁላል ነው። ካርታውን ስልካችሁ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርዱት። ሰኔ 18 ቀን 2016 ማምሻውን ኢንተርኔቱ ተዳክሞ ነበር፣ ቤተሰብ አዲስ አበባ ሆኖ ሲደውል ነው ያደረው። የሆቴሉን ስም፣ ሰፈርና ስልክ ለቤተሰብ ቀድማችሁ ላኩ።

ዕለቱን ጠዋት መንገዱን በቴሌቪዥን እዩ። ሲቲዝን፣ ኤንቲቪ፣ ኬቲኤን ሁሉም ካሜራ ያወጣሉ። በ2017 ሰኔ 18 ቀን ግን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የቀጥታ ስርጭት አቁሙ ብሎ አዝዞ ነበር፤ ፍርድ ቤት አገደው። ስለዚህ በአንድ ምንጭ አትንጠልጠሉ። ሹፌሮች የሚከታተሉት ማትሪሩት የሚባል የመንገድ መረጃ ገጽ ኤክስ ላይ አለ፣ ጠቃሚ ነው።

በሰላም መሰለፍ በኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 የተፈቀደ መብት ነው። የነሱ መብት ነው። እኛ እንግዳ ነን። ለማየትም ቢሆን አትውጡ፣ ከሰገነት ላይ ፖሊስ አትቅረጹ። ሰኔ 10 ቀን 2017 አለንጋና ዱላ የያዙ በሞተር ሳይክል የመጡ ሰዎች ሰልፈኛውን ሲደበድቡ ታይተዋል፤ መሀላቸው ገብቶ "እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ" ማለት ሰሚ የለውም። የግድ መውጣት ካለባችሁ ከማለዳው 12 ሰዓት በፊት ወይም ነገሩ ከበረደ በኋላ ማታ ይሁን። የፓስፖርት ቅጂ ኪስ ውስጥ፣ ዋናው ሆቴል ካዝና ውስጥ። የሞተር ሳይክል ታክሲው ቦዳ ቦዳ ይፈጥናል፣ ግን በዚያ ቀን አትሳፈሩ። ለድንገተኛ 999 ወይም 112 ነው፤ የኬንያ ቀይ መስቀል 1199።

9. መቼ ሆቴል ይቀየራል?

ሰልፉ ከቀጠለና ሌላ ቀን ከተቆረጠ፣ ባለው ዕረፍት ቀን ቀይሩ። በሁለት ሰልፍ መሀል ያለው ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሆነ ረቡዕ፣ ከተማው ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይከፈታል። ሚኒባሱ ማታቱ ሙዚቃውን ይለቃል፣ ሰው ሥራ ይገባል። "እንግዲህ አለፈ" ብላችሁ አትቀመጡ፣ በዚያች ቀን ጓዛችሁን ያዙና ውጡ። ከፍያለሁ ብሎ መቆየት የኔ ስህተት ነበር። የከፈልኩት የሁለት ሌሊት ነው፣ ያጣሁት ቀጠሮ ነው።

ዘንድሮ እናቴን ለክትትል መልሼ ይዣት ሄድኩ። ፓርክላንድስ ውስጥ፣ ከሐኪም ቤቱ በእግር ስምንት ደቂቃ የሆነ ሆቴል ያዝን። መቀበያው ላይ ልጅቷ ቁርስ ከስንት ሰዓት እንደሚጀምር በትሕትና ታስረዳናለች። እናቴ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች፦ "ቁርሱን ተወው፤ ኋላ በሩ የት ነው በላት።"